ሪሞት ዴስክቶፕ በቤት ዋይፋይ ይገባል፣ በሞባይል ዳታ ግን እምቢ አለ (ባሕር ዳር፣ ፋይበር)

#1 ደንገል14 | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

ሰላም ለሁላችሁ። ቀበሌ 14 ቤት ያለውን ዴስክቶፕ ከጎርጎራ ሆኜ መክፈት እፈልጋለሁ፤ ፒችትሪው (የሒሳብ ፕሮግራሙ) ያለው እሱ ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው፣ ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚያስከፍተው የዊንዶውሱ አገልግሎት) በርቷል፣ የኮምፒውተሩ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻው) 192.168.0.110 ነው። በቤቱ ዋይፋይ ከላፕቶፕም ከስልክም ይገባል። ቲፒሊንክ ራውተሩ ላይ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚጠቀምበትን ፖርት 3389ን ወደ 192.168.0.110 ፎርዋርድ አድርጌያለሁ፤ ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲያሳልፍ። ዋይፋዩን አጥፍቼ በሞባይል ዳታ ስሞክር ግን ስልኩ መጨረሻው 204 የሆነ የስህተት ቁጥር ይሰጠኛል። የዊንዶውስ ፋየርዎልን ጨርሼ ባጠፋውም ያው ነው። የፖርት መፈተሻ ድረ ገጾችም "ዝግ ነው" ይላሉ። ምን ቀረኝ?

#2 ኬብል_ጎታች | ማታ 2፡05

መጀመሪያ ፋየርዎሉን መልሰህ አብራው። በቤት ዋይፋይ ከገባልህ ኮምፒውተሩም፣ ፋየርዎሉም፣ ፓስወርዱም ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ያ 204 ማለት ስልኩ ኮምፒውተሩን ጭራሽ አላገኘውም ማለት ነው። የፓስወርድ ችግር ቢሆን ኖሮ ሌላ መልእክት ነበር የሚመጣልህ።

የቲፒሊንኩን ገጽ ክፈትና "ስታተስ" ውስጥ "ዋን" (የራውተሩ የውጭ በኩል) ከሚለው ሥር ያለውን አይፒ ጻፍልን። ከዚያ በዚያው ዋይፋይ ጉግል ላይ የራስህን አይፒ ፈልግና ሁለቱን አስተያይ። የጉግሉን ሙሉውን እዚህ እንዳትለጥፍ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ይበቃል።

#3 ሸምበቆ | ማታ 2፡11

ምን ያደክማችኋል? ዲኤምዜድ አብራና ኮምፒውተሩን እዚያ ውስጥ አስገባው። ፖርቱ ሁሉ ይከፈታል፣ አለቀ።

#4 ኬብል_ጎታች | ማታ 2፡16

ሸምበቆ፣ ፎርዋርዲንጉን ያከሸፈው ነገር ዲኤምዜዱንም ያከሽፈዋል። ከሠራ ደግሞ የባሰ ነው፦ 3389 ብቻ ሳይሆን ፋይል ሼሪንጉ፣ ፕሪንተሩ፣ የተከፈተው ፖርት ሁሉ ለዓለም ይጋለጣል፤ መሀል ላይ የሚቀረው የዊንዶውስ ፋየርዎል ብቻ ነው። ደንገል ደግሞ እሱን አጥፍቶት ነበር።

#5 ደንገል14 | ማታ 2፡30

ፋየርዎሉን አብርቻለሁ። ዋን የሚለው 192.168.100.3 ነው። ጉግል የሚሰጠኝ ግን 196 ብሎ ይጀምራል።

#6 ጋሽ_ሞደም | ማታ 2፡58

ልጄ፣ 192.168 ብሎ የሚጀምር ዋን የውጭ አድራሻ አይደለም። የቲፒሊንኩ "ውጭ" የሌላ ራውተር "ውስጥ" ነው። ፋይበሩ የሚገባባት ነጭ ሳጥን ሞደም ብቻ እንዳትመስልህ፤ ራሷን የቻለች ራውተር ናት፣ ለቲፒሊንኩ አይፒ ያደለችውም እሷ ናት። ከውጭ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። 3389ን ለማን እንደምትሰጥ ማንም ስላልነገራት ትጥለዋለች። ቲፒሊንኩ ላይ የጻፍከው መስመር ስህተት የለበትም፤ ብቻ እስከ ዛሬ ምንም ደርሶት አያውቅም።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁለቱም ላይ በየተራ መጻፍ ነው፦ ሳጥኗ ላይ 3389 ወደ 192.168.100.3፣ ቲፒሊንኩ ላይ 3389 ወደ 192.168.0.110። ይሠራል፤ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ቲፒሊንኩ 192.168.100.4 ከደረሰው ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ስለዚህ ሁለቱም ላይ በማክ አድራሻ (በመሣሪያው መለያ ቁጥር) አይፒውን ማስያዝ ግድ ነው። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ቲፒሊንኩን ከራውተርነት ማውረድ ነው። መጀመሪያ ከሳጥኗ የሚመጣውን ገመድ ከዋን ቀዳዳ ንቀል፣ ዲኤችሲፒውን (አይፒ ማደሉን) አጥፋ፣ ቀጥለህ ላን (የውስጥ) አይፒውን 192.168.100.2 አድርገው፣ ከዚያ ገመዱን ከላን ቀዳዳዎች በአንዱ ሰካው። ከዚህ በኋላ ቲፒሊንኩ ዋይፋይ ማዳረሻ ብቻ ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ካዛባኸው ገጹ ውስጥ መግባት ያቅትህና በመርፌ ሪሴት ማድረግ ነው የሚቀርህ።

ይህን ሁሉ ከመድከምህ በፊት ግን የሳጥኗን ዋን እይ። ብሮውዘሩ ላይ 192.168.100.1 ብለህ ግባ፤ ዩዘሩና ፓስወርዱ ብዙ ጊዜ ከሥሯ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። እዚያ የምታየው ቁጥር ነው ሁሉን የሚወስነው።

#7 ሸምበቆ | ማታ 3፡04

በትሬስሩትም (ጥሪው የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በየተራ በሚዘረዝረው ትእዛዝ) ይታወቃል። ወደ 8.8.8.8 ትሬስ አድርግ፤ ሦስተኛው መስመር 10 ብሎ ከጀመረ አገልግሎት ሰጪው ራሱ "ናት" (ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አይፒ የሚያወጣ አሠራር) ውስጥ አስገብቶሃል ማለት ነው።

#8 ኬብል_ጎታች | ማታ 3፡09

ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም። አገልግሎት ሰጪዎች በየጣቢያቸው ላሉት ራውተሮች የግል አይፒ ይሰጣሉ፤ እውነተኛ የውጭ አይፒ ያለው ደንበኛም ትሬስ ሲያደርግ መንገድ ላይ 10 ብሎ የሚጀምር ሊያይ ይችላል። ማረጋገጫው ጋሼ ያሉት ነው፦ የሳጥኗ ዋን ከጉግሉ ጋር አንድ ነው ወይስ አይደለም?

ሌላም ሰው የሚሳሳትበት አለ። ቤት ውስጥ ሆናችሁ፣ በዚያው ዋይፋይ፣ የራሳችሁን የውጭ አይፒ ጽፋችሁ አትሞክሩ። ብዙ ራውተር ከውስጥ ወጥቶ ወደ ውስጥ የሚመለስን ጥሪ አያስተናግድም። ፎርዋርዲንጉ በትክክል ተሠርቶ ሳለ "አልሠራም" ብሎ የሚያፈርሰው ስንቱ ነው። ደንገል በሞባይል ዳታ መሞከሩ ትክክል ነው።

#9 ደንገል14 | ማታ 3፡40

ገባሁ። የሳጥኗ ዋን 100.72 ብሎ ይጀምራል። 100 ስላለ የውጭ ነው አይደል?

#10 ጋሽ_ሞደም | ማታ 4፡02

አይደለም፣ እንዳትታለል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ለአገልግሎት ሰጪዎች "ናት" የተመደበ ነው። ስሙ ሲጂናት ይባላል። ጉግል የሚያሳይህን 196 ከማታውቃቸው ብዙ ደንበኞች ጋር ተጋርተኸዋል።

የመሥሪያ ቤት ፖስታ ሳጥን ቁጥር አስብ። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ሳጥን ቁጥር ይጽፋል፤ መዝገብ ቤቱ ማን ወደ የት እንደጻፈ ስለያዘ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሰዋል። ማንም ሳይጽፍ፣ ሳጥን ቁጥሩ ብቻ ያለበት ደብዳቤ ከውጭ ቢመጣስ? መዝገብ ቤቱ ለማን ይስጠው? 3389 ብሎ የመጣው ጥሪህ እዚያ ነው የሚቀረው። አንተ የማትገባበት ራውተር ላይ። ቤትህ ውስጥ ባሉት ሁለቱ ላይ የፈለግከውን ብትጽፍ ለውጥ የለውም።

የሚቀርህ ሁለት ነገር ነው። ወይ አገልግሎት ሰጪህን የራስህ የሆነ የውጭ አይፒ ጠይቅ፤ ብዙውን ጊዜ በድርጅት ስም፣ በተጨማሪ ክፍያ ነው። ወይም ጥሪው ከውስጥ ወደ ውጭ እንዲጀምር አድርግ፤ ወደ ውጭ የሚወጣን ሲጂናት አይከለክልም።

#11 እህተ_ዘጌ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ጋሼ፣ የእኔ የሲም ካርድ ራውተር ነው፣ ዋኑ 10.118 ይላል። እኔም ያው ነኝ ማለት ነው? ዳይናሚክ ዲኤንኤስ (ለሚቀያየር አይፒ ቋሚ ስም የሚሰጠው) ብመዘገብስ?

#12 ጋሽ_ሞደም | ጠዋት 1፡45

ያው ነሽ፣ ልጄ። 10 ብሎ የሚጀምር በሙሉ የግል ነው። ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የሚጠቅመው የራሱ የውጭ አይፒ ኖሮት ቁጥሩ ለሚቀያየርበት ሰው ነው። አንቺ ብትመዘገቢ ስሙ የሚያመለክተው የጋራውን አይፒ ነው፤ በሩ ላይ ያደርስሻል፣ አያስገባሽም።

#13 ፔዳ_ላብ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡30

ጋሼ "ከውስጥ ወደ ውጭ" ያሉትን በዝርዝር ላስቀምጠው። ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው፣ ምርጫውም ኮምፒውተሩ ፊት ሰው ይቀመጣል ወይስ አይቀመጥም በሚለው ይወሰናል።

ሰው ካለ፣ ለምሳሌ ጸሐፊዋ ፒችትሪ ላይ እየሠራች አንተ ገብተህ ልታሳያት ከፈለግክ፣ ኤኒዴስክ ወይም ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ይሻላል። ሁለታችሁም አንድ ስክሪን ታያላችሁ። የዊንዶውሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ግን እሷን ያስወጣታል፤ ፕሮ እትም በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ስክሪኑ ይቆለፍባታል፣ "ኮምፒውተሩ ተበላሸ" ብላ ትደውላለች። የጀመረችው ሥራ አይጠፋም፤ መልሳ ስትገባ አንተን ታስወጣሃለች። ሆም እትም ያላችሁም መፍትሔያችሁ እነዚሁ ናቸው፤ ሆም ላይ የዊንዶውሱ ሪሞት ዴስክቶፕ ጥሪ አይቀበልም። እሱን በግድ የሚያስከፍቱትን ከየቦታው የሚወርዱ መጠገኛዎች አትንኩ፤ ዊንዶውስ አፕዴት ባደረገ ቁጥር ይሰበራሉ፣ አንቲቫይረስም ቫይረስ ይላቸዋል፣ አንዳንዴም እውነቱን ነው።

ሰው ከሌለ ቴይልስኬል (መሣሪያዎችህን በኢንተርኔት ላይ እንደ አንድ የግል ኔትወርክ የሚያገናኝ ፕሮግራም) ጫንና ሪሞት ዴስክቶፑን በእሱ ውስጥ ተጠቀም። ለግል መጠቀሚያ ነጻ ነው። ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ጫን፣ በጉግል ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ግባ፤ ይዘኸው የምትሄደው ላፕቶፕና ስልክ ላይም በዚያው አካውንት ግባ። እያንዳንዱ 100 ብሎ የሚጀምር አይፒ ይደርሰዋል። (ከሲጂናቱ ክልል የተወሰደ ነው፤ ከሳጥኗ ዋን ጋር አታምታታው።) ሪሞት ዴስክቶፑ ላይ የቤቱን ኮምፒውተር የቴይልስኬል አይፒ ጻፍና ግባ። ራውተር ላይ የምትነካው ምንም የለም።

ሰዎች የሚረሷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የቴይልስኬል ምልክት በቀኝ ጠቅ አድርግና ፕሪፈረንስ ውስጥ "ረን አንአተንድድ" የሚለውን አብራ። ካላበራኸው ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲያደርግ ሰው ሎግኢን እስኪያደርግለት ድረስ ከኔትወርኩ ይጠፋል፤ አንተ ጎርጎራ ነህ። ሌላው፣ የእያንዳንዱ ማሽን ቁልፍ በ180 ቀን ጊዜው ያልፍበታል። በድረ ገጹ ላይ የማሽኖች ዝርዝር ውስጥ ለቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ቁልፉ እንዳያረጅ አድርግ። ስድስት ወር በደንብ ሠርቶ አንድ ቀን ድንገት ያቆመባችሁ ሰዎች፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

በመጨረሻ በሩን አጥብበው። ዊንዶውስ ፋየርዎል፣ አድቫንስድ፣ ኢንባውንድ ሩልስ፤ "ሪሞት ዴስክቶፕ ዩዘር ሞድ" የሚሉትን የቲሲፒና የዩዲፒ (የሁለቱ የመረጃ ማጓጓዣ ዘዴዎች) ሁለት መስመሮች በየተራ ክፈት፣ "ስኮፕ" ውስጥ ሪሞት አይፒ ላይ 100.64.0.0/10 ጻፍ፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የቤቱ ዋይፋይ ፓስወርድ ያለው ጎረቤት እንኳ 3389ን አያገኘውም። ይህን የምታደርገው በቴይልስኬል መግባትህን ካረጋገጥክ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠህ ነው እንጂ ከሩቅ ሆነህ አይደለም።

#14 ሸምበቆ | ቀን 7፡02

ለአንድ ፒችትሪ ይሄ ሁሉ? የውጭ አይፒ ገዝቶ ፖርቱን ከ3389 ወደ 33890 መቀየር አይበቃም?

#15 ኬብል_ጎታች | ቀን 7፡20

ፖርቱን መቀየር ጫጫታውን ይቀንሳል እንጂ በሩን አይዘጋም። ቀን ከሌት ኢንተርኔቱን ሁሉ የሚፈትሹ ማሽኖች አሉ፤ ሁሉንም ፖርት ይሞክራሉ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ መሆኑን ከመልሱ ያውቁታል፣ ከዚያ "አድሚን" ብለው ፓስወርድ መገመት ይጀምራሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሉኪፕ የተባለው ቀዳዳ ደግሞ ፓስወርድ እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ ዊንዶውስ 7 እና ከዚያ በፊት የነበሩትን ነበር የሚመታው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ተመሳሳይ ቀዳዳ ነገ ቢገኝ በራሱ መጠገኛ እንዲመጣለት አትጠብቅ። የድርጅት ሒሳብ ያለበትን ኮምፒውተር በዚህ ሁኔታ ፊት ለፊት አላስቀምጠውም።

#16 ደንገል14 | ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

ፔዳ_ላብ፣ እግዜር ይስጥሽ። እንዳልሽው አደረግኩ። በሞባይል ዳታ ይገናኛል፣ ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ትንሽ ቆይቶ ይቋረጣል። ከላፕቶፑ ስሞክር ደግሞ ትክክለኛውን ፓስወርድ "ስህተት ነው" ይለኛል።

#17 ፔዳ_ላብ | ማታ 2፡50

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ጥቁሩ ስክሪን፦ ሪሞት ዴስክቶፕ መጀመሪያ በቲሲፒ ይገናኝና ምስሉን ወደ ዩዲፒ ሊያዞር ይሞክራል። መንገዱ ላይ ዩዲፒው ከተንገራገጨ ምስሉ ሳይመጣ ይቀራል። ፕሮ ስለሆነ ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተሩን ክፈት፤ ኮምፒውተር ኮንፊግሬሽን፣ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን ሆስት፣ ኮኔክሽንስ። እዚያ ውስጥ "ሴሌክት አርዲፒ ትራንስፖርት ፕሮቶኮልስ" የሚለውን አብራና "ዩዝ ኦንሊ ቲሲፒ" ምረጥ፣ ሪስታርት አድርግ። በዚህ በኩል ከሠራኸው ስልኩንም ላፕቶፑንም በአንዴ ይፈታል። ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) አትጠርጥር፤ ቴይልስኬል በ1280 ስለሚሠራ አነስ ያለ ነው።

ካልተፈታ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ የቴይልስኬልን "ስታተስ" ትእዛዝ ስጥ። ከኮምፒውተርህ ስም ጎን "ዳይሬክት" ካለ ሁለቱ በቀጥታ ተገናኝተዋል። "ሪሌይ" ካለ በመሀል አገልጋይ በኩል እየዞረ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሲጂናት ውስጥ ሲሆን ይሄ የተለመደ ነው። ይሠራል፣ ግን ማውሱ ይጎተታል። ያኔ በላፕቶፑ ሪሞት ዴስክቶፕ ኤክስፒሪየንስ ታብ ላይ ዋልፔፐሩንና አኒሜሽኑን አጥፋ፣ ዲስፕሌይ ታብ ላይ ቀለሙን 16 ቢት አድርግ፣ ሎካል ሪሶርስስ ታብ ላይ ድምፁን ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ አስቀረው። ለፒችትሪ ከዚህ በላይ አያስፈልግም፤ ለዳታ ፓኬጁም ይጠቅማል።

ፓስወርዱ፦ ላፕቶፑ ላይ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው? ሪሞት ዴስክቶፕ የላፕቶፕህን የኪቦርድ ቋንቋ ይዞ ነው የሚሄደው። የፓስወርድ ሳጥኑ ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ ፊደሉ ግዕዝ ይሁን እንግሊዝኛ አታየውም። ከመገናኘትህ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መልሰው። ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማንም (የአማርኛ መጻፊያዎቹ) ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ አይብራ፤ ቤት ባለው ላይ ብቻ ይብራ፣ ያለዚያ ፊደሉ ተደራርቦ ይመጣል።

እንግሊዝኛ ላይ ሆኖም እምቢ ካለህ፣ የምታስገባው ፒኑን እንዳይሆን። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለህ የምትገባበት አራት አኃዝ እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከሩቅ የሚጠየቀው የአካውንቱ ሙሉ ፓስወርድ ነው። ፓስወርድ የሌለው ዩዘር ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም።

#18 ደንገል14 | ማታ 3፡35

ኪቦርዱ ነበር! "አማ" ላይ ነበር ለካ። ዩዲፒውንም ዘግቼ ስክሪኑ መጣ፤ "ሪሌይ" ይላል ግን ይሠራል። አሁን የሚያሳስበኝ መብራት ነው። ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በራሱ ይነሳል?

#19 ኬብል_ጎታች | ማታ 4፡10

በራሱ አይነሳም፣ ካልነገርከው። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ዴል ላይ "ኤሲ ሪከቨሪ"፣ ኤችፒና ሌኖቮ ላይ "አፍተር ፓወር ሎስ" የሚል አለ፤ "ፓወር ኦን" አድርገው። ሞክረው፦ ገመዱን ከግድግዳው ንቀል፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ፣ መልሰህ ሰካ። ቁልፉን ሳትነካ መነሳት አለበት።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ካለህ አንድ ወጥመድ አለ። ዩፒኤሱ ባትሪው ሲያንስ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ ካደረግከውና ባትሪው ሳያልቅ መብራት ከመጣ፣ ኮምፒውተሩ መብራት መቋረጡን ሳያውቅ ጠፍቶ ይቀራል። ከተዘጋ በኋላ ዩፒኤሱ ራሱ መውጫውን እንዲቆርጥ ካላስተካከልከው ባዮሱ ላይ የጻፍከው ከንቱ ነው።

ሌላው፣ ኮምፒውተሩ አሮጌ ከሆነ የማዘርቦርዱን ሳንቲም ባትሪ ቀይር፤ 2032 የሚባለው፣ 3 ቮልት። እሱ ሲያልቅ መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ ሴቲንጉን ይረሳል፣ "ፓወር ኦን" ያልከውም አብሮ ይጠፋል፣ ማሽኑም "ኤፍ1 ተጫን" ብሎ ይቆማል። ተነስቶ እንኳ ቢሆን ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ቴይልስኬል ሰርተፊኬቱን አልቀበልም ይልና አይገናኝም። በመልቲሜትር ከ2.7 በታች ካነበበ ጣለው።

#20 ጋሽ_ሞደም | ማታ 4፡31

ሳጥኗንና ራውተሩን አትርሱ እንጂ። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ እነሱ ግድግዳው ላይ ከሆኑ ምን ይጠቅማል። ሁለቱም 12 ቮልት ከሆኑ (ከሥራቸው አንብቡ፣ 9 ቮልት የሆነ ራውተርም አለ) ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ከነቻርጀሩ ይበቃቸዋል። ሁለቱ በአንድነት 15 ዋት ቢወስዱና ባትሪው እንዳይጎዳ እስከ ግማሹ ብቻ ብትጠቀሙበት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ዴስክቶፑን ተሸክሞ ሦስት ሰዓት የሚቆይ ዩፒኤስ ግን ዋጋው ሌላ ነው፤ ሰዓቱ ከረዘመ ፒችትሪውን ወደ ላፕቶፕ ማዛወር ይረክሳል፣ ባትሪው ከራሱ ጋር ነውና። ክዳኑ ሲዘጋ "ምንም አታድርግ" የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ፣ የእኛን ከተማ ነጎድጓድ ታውቁታላችሁ። ፋይበሩ መብረቅ አያመጣም፣ የመብራት መስመሩ ግን ያመጣል። በቆርቆሮ ጣራ ላይ የተዘረጋ የኔትወርክ ገመድ ካላችሁ እሱም ያመጣል።

#21 እህተ_ዘጌ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡05

ኮምፒውተሩ ስሊፕ ከገባስ? ዌክ ኦን ላን (የተኛን ኮምፒውተር በኔትወርክ መቀስቀስ) ከሩቅ ይሠራል?

#22 ፔዳ_ላብ | ጠዋት 2፡40

በቀጥታ አይሠራም። ኮምፒውተሩ ሲተኛ ቴይልስኬሉም ይተኛል። የማንቂያዋ ፓኬት በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ካለ ሌላ መሣሪያ መነሳት አለባት፦ ቤት ውስጥ ቻርጀር ላይ የተተወ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ቢኖር ቴይልስኬል ያለበት፣ በሱ በኩል ይቻላል። ኮምፒውተሩም በገመድ የተገናኘ መሆን አለበት፣ ፋስት ስታርታፕም ይጥፋ። ይሄ ሁሉ ከሚሆን ግን ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ስሊፑን "ኔቨር" አድርጊው፣ ስክሪኑ ብቻ ይጥፋ።

#23 ደንገል14 | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ባዮሱን አስተካክያለሁ፣ ነቅዬም ሞክሬዋለሁ፣ ይነሳል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ደረሰኝ ፕሪንት ሳደርግ ቀበሌ 14 ነው የሚወጣው። ጎርጎራ እንዲወጣ?

#24 ፔዳ_ላብ | ማታ 1፡52

ከላፕቶፕ ከሆነ፣ ከመገናኘትህ በፊት ሎካል ሪሶርስስ ታብ ላይ "ፕሪንተርስ" የሚለው ምልክት ይደረግበት፤ ፒችትሪ ውስጥ ፕሪንተር ስትመርጥ ከስሙ ጎን "ሪዳይሬክትድ" የሚል ታያለህ፣ እሱ ነው። ከስልክ ከሆነ ወደ ፒዲኤፍ ፕሪንት አድርግና ለራስህ በቴሌግራም ላከው።

#25 ኬብል_ጎታች | ማታ 2፡00

ቲፒሊንኩ ላይ የጻፍከውን የ3389 መስመር አጠፋኸው?

#26 ደንገል14 | ማታ 2፡04

አጠፋሁት።

#27 ኬብል_ጎታች | ማታ 2፡05

ዩፒኤንፒውንስ (ፕሮግራሞች ሲጠይቁ ፖርት በራሱ የሚከፍተውን)?

#28 ደንገል14 | ማታ 2፡19

አሁን ገና።